ከእንሰቱ ጥግ የቆመችው መኪና ትነሣለች?

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ የሚወጣው መንገድ ከአባያ ዳርቻ ተለይቶ ጋራውን መዞር ሲጀምር አየሩ በየኩርባው ይለወጣል። ታች ሙዝና ማንጎ የነበረው ላይ ሲደርሱ እንሰትና ቀርከሃ ይሆናል፤ በሸሚዝ ብቻ የተነሣ ሰው ጋቢ ያምረዋል። አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ግን በዚህ መንገድ ላይ ዓይኑ ሐይቁም ላይ ቀርከሃውም ላይ አያርፍም። የሚያማትረው አጥር ለአጥር ነው። ሸራ የተጣለባት፣ ጎማዋ አፈር ውስጥ የሰመጠ፣ ዶሮ እንቁላል የምትጥልባት አንዲት ቮልስ ወይም ላንድሮቨር ትኖር ይሆን?

አለች እንበል። ባለቤቱ አዛውንት ወንበር ስበው ካስቀመጡዎት በኋላ፣ "ልጄ፣ ሞተሯ ደህና ናት። በእግሯ ገብታ ነው የቆመችው። ባትሪ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት" ይሉዎታል። አልዋሹም። አብዛኛዋ የቆመች መኪና ወደቆመችበት የገባችው በእግሯ ነው። ጉዳዩ ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት ወረደባት የሚለው ነው።

እኔ መጀመሪያ የገዛኋት ቮልስ ሞተሯ አንድ ጊዜ ተነክቶ የሚነሣ፣ ድምፁ ጆሮ የማይሰለቸው ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሞተሩን ሰምቼ፣ ገንዘቤን ቆጥሬ ሰጠሁ። ወር ሳይሞላኝ ባትሪው ወለሉን በስቶ አስፋልት ላይ ወደቀ። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ላሜራ ድሮ አልቆ፣ በላዩ ላይ ምንጣፍና ጥቁር ቀለም ብቻ ነበር የቀረው። ያቺን መኪና ያየኋት ከላይ ወደ ታች ነበር። ከዚያ ወዲህ የማየው ከታች ወደ ላይ ነው፤ እርስዎም እንዲያ እንዲያደርጉ ነው ይህን የምጽፈው።

ዶርዜዎች ይህን ከመኪና በፊት ያውቁታል። ከቀርከሃ ተጠልፎ የሚሠራው ረጅሙ ቤታቸው አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይቆማል ይባላል። ጠላቱ ምስጥ ነው፤ ምስጡም የሚበላው ከሥር ነው። ሥሩ ሲበላ የተበላው ተቆርጦ ይጣልና ቤቱ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ አሮጌ ቤት አጭር ቤት ነው። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግም ወንዶች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ አንሥተው ይሸከሙታል። ለቤቱ ዕድሜ የሚሰጠው ጣሪያው ማማሩ አይደለም፤ ከሥሩ የሚቆረጥ ደህና ቀርከሃ መትረፉ ነው። መኪና ላይ ምስጡ ዝገት ነው። ሌላው ሁሉ ያው ነው።

ዋጋው ለምን እንዲህ ሆነ?

ከ20 ዓመት በፊት ማንም ዞር ብሎ የማያያት መኪና ዛሬ "አንቲክ ናት" ተብላ ዋጋ የሚጠራባት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አከበደው፤ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው መኪና ሁሉ በአንድ ጊዜ ተወደደ፤ የቆመውም አብሮ ተወደደ። ይህ ለሻጩ መልካም ነው። ለእርስዎ ግን የጠራው ዋጋ ስለ መኪናዋ ጤንነት ምንም አይነግርዎትም ማለት ነው።

ታሪክም ዋጋ ይጨምራል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደነበር የማያውቅ የለም። ስለዚህም ዕድሜ ጠገብ ቮልስ የሚሸጥ ሰው ወሬውን ወደዚያች መኪና ሊያስጠጋው ይወዳል። ፈገግ ብለው ያዳምጡና ሊብሬውን ይጠይቁ።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ወረቀቱን ሳያዩ ልብስዎን አያቆሽሹ። የዛገ ላሜራ ይቆረጣል፣ የነከሰ ሞተር ይወርዳል፤ ሊብሬ የሌላት መኪና ግን ታርጋ አታገኝም። ታርጋ የሌላት ደግሞ ምን ብታምር የግቢ ጌጥ ናት።

ሊብሬውን ይዘው የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ ራስዎ ያንብቡ። ቮልስ ላይ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው የወለሉ አጥንት ላይ ተመትቶ ይገኛል። ዝገት ከሸፈነው በብሩሽ ቀስ ብለው ይጥረጉት፤ በፋይል አይሞርዱት፣ ቁጥሩን ሞርዶ ማጥፋት ራሱን የቻለ መዘዝ ነው። የሞተሩንም ቁጥር ያስተያዩ። እነዚህ መኪኖች በዕድሜያቸው ሁለት ሦስት ሞተር ቀይረው ሊሆን ይችላል፤ ቅያሪው ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ምርመራ ላይ ይይዝዎታል።

ቀጥሎ ስሙ የማን ነው? ብዙ ጊዜ ሊብሬው ላይ ያለው ስም አሁን ወንበር ስበው ያስቀመጡዎት ሰው ስም አይደለም። የሟች አባት ይሆናል፣ በውክልና የሸጠ ሌላ ሰው ይሆናል፣ የፈረሰ መሥሪያ ቤት ይሆናል። ውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት ወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ወራሾቹ አምስት ከሆኑ አምስቱም ይፈርሙ። አራቱ ዶርዜ ተገኝተው አምስተኛዋ እትዬ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከሆኑ፣ እሳቸው እስኪመጡ ወይም ውክልና እስኪልኩ ቀብድ አይስጡ። በውክልና የመጣ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ወካይ ሲሞት ውክልናው አብሮት ያበቃል።

በዚህ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አሮጌ መኪና ፋይሏ ብዙ ጊዜ ተጉዟል። ድሮ ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር የነበረው ኋላ የደቡብ ክልል አካል ሆነ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ሰሌዳዋ የትኛውን ዘመን ይናገራል? ፋይሏስ አሁን የት ነው ያለው? ይህን ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ሳያጣሩ "ይገኛል" የሚለውን ቃል አይቀበሉ። ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ላይ ደግሞ ከዕርዳታ ድርጅት ወይም ከመሥሪያ ቤት የወጣች እንደሆነ ከቀረጥ ነፃ የገባች ልትሆን ትችላለች። ቀረጡ ተከፍሎ ካልተዘጋ ዕዳው ወደ እርስዎ ይዞራል። ያልታደሰ ቦሎና የፍርድ ቤት እግድም አብረው ይጠየቁ።

ወረቀቱ ካልተስተካከለ እዚሁ ላይ ቡናዎን ጠጥተው፣ አመስግነው ይሂዱ። ከባዱ "አይሆንም" ይሄ ነው፤ ምክንያቱም መኪናዋን ገና አላዩዋትም፣ ልብዎ ግን ገብቷል።

ሲሄዱ ምን ይያዙ?

ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ትንሽ መዶሻ፣ የእጅ ባትሪ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ ለመተኛ የሚሆን የማዳበሪያ ከረጢት። መካኒክ ይዘው ቢሄዱ ጥሩ ነው፤ ግን የቀኑን አበል ይክፈሉት እንጂ "ከገዛን አንተ ትሠራታለህ" አይበሉት። እንዲህ የተባለ መካኒክ "አትግዛ" ለማለት አንደበቱ ይከብደዋል። መካኒክ ብቻም አይበቃም፣ የላሜራ ሠራተኛም ያስፈልጋል፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መውሰድ ከቻሉ የላሜራ ሠራተኛውን ይውሰዱ። ይህን ስል የሚገረሙ አሉ። ሞተር እኮ ተፈትቶ ይቀየራል፤ አካል ግን አይቀየርም።

ከተቻለ በክረምት ይሂዱ። ሻጩ በበጋ እንዲመጡ ይፈልግ ይሆናል፤ በዝናብ ማግሥት ግን ውሃ የት እንደሚገባና የት እንደሚተኛ መኪናዋ ራሷ ታሳይዎታለች።

ከታች ወደ ላይ

ቮልስ ከሆነች ከኋላ ወንበር ይጀምሩ። ወንበሩን አንሥተው ባትሪው ያረፈበትን ቦታ ያያሉ። የባትሪ አሲድ ላሜራን እንደ ስኳር ነው የሚያሟሟው። ምንጣፉን በሙሉ ይግለጡ፤ ባለቤቱ ቅር ቢላቸውም ይግለጡ። ካቻቢቴውን ይዘው ወለሉን በዝግታ ጫን ጫን ያድርጉት። ደህና ላሜራ ይመልስዎታል። የተበላው እንደ ብስኩት ይረግፋል።

ወለል ብቻ ከሆነ የተበላው አይደንግጡ። የቮልስ አካል ከወለሏ ጋር በብሎን ነው የተያያዘው። ብሎኑ ሲፈታ አካሉ እንዳለ ይነሣል፤ ወለሉ ይሠራና ተመልሶ ይቀመጥበታል። ስድስት ሰው አካሉን ከወለሉ ሲያነሣ ያየ የዶርዜ ልጅ "ይሄማ የኛ ቤት ነው" ቢል አይፈረድበትም። ወለሉም ግራና ቀኝ ለብቻ ለብቻ እንደ መለዋወጫ የሚሸጥ ዕቃ ነው።

የሚያስፈራው ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚያልፈው ሣጥን የመሰለ ላሜራ ነው። የሞተሩ ሙቀት ወደ ውስጥ የሚገባው በእሱ ውስጥ ነው፤ አካሉን ቀጥ አድርጎ የያዘውም እሱ ነው። የሚዝገው ከውስጥ ስለሆነ ከውጭ ቀለሙ አምሮ ሊታይ ይችላል። እዚህ ላይ የማይዋሽ ፈተና አለ። በሩን ይክፈቱና ይዝጉ፣ ክፍተቱን ከላይም ከታችም በዓይንዎ ይለኩ። ከዚያ ክሪኩን ከጎን ማንሻዋ ሥር አስገብተው ጎማው ከመሬት እስኪላቀቅ ያንሡ። አሁን በሩን እንደገና ይክፈቱ። እንደ መጀመሪያው ከተከፈተ መኪናዋ አጥንት አላት። ከጠበቀ፣ ከተጋጨ ወይም ጭራሽ እምቢ ካለ አካሉ መሃሉ ላይ እየታጠፈ ነው። ክሪኩ መኪናዋን ከማንሣት ይልቅ ላሜራውን በስቶ ሽቅብ ከገባ ደግሞ መልሱን ጮክ ብሎ ነገረዎት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ያድርጉ፤ በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም አይግባ።

የፊት ኮፈኑን ከፍተው የትርፍ ጎማውን ጎድጓዳ ቦታ ይዩ፤ ውሃ የሚተኛው እዚያ ነው። ከሥር ደግሞ የፊት እግሮቹ የሚታሰሩበትን የወለሉን ራስ ይንኩ። ፓራፋንጎው ቢዝግ ግድ የለም፤ በብሎን ይፈታል፣ ይቀየራል። ማግኔቱን በጨርቁ እንደተጠቀለለ አካሉ ላይ ያስኬዱት፤ መያዝ ያቆመበት ቦታ ስቱኮ አለ። ትንሽ ስቱኮ ነውር አይደለም። መዳፍ የሚያህል ከሆነ ግን ከሥሩ ቀዳዳ አለ ብለው ያስቡ።

ላንድሮቨር ላይ ማግኔቱን አውጥተው እንዳይሳቀቁ። የውጭ አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት ጭራሽ አይዘውም፤ ስቱኮ ነው ብለው ባለቤቱን እንዳይወቅሱ። አሳሳቿም ይኸው ነው። አሉሚኒየሙ አይዝግም፤ ስለዚህ 50 ዓመት ቆማ ፊቷ ወዝ ያለው ይመስላል። ሥሯ ግን ብረት ነው። ሻንሲው ውስጡ ባዶ የሆነ ሣጥን ነው፤ በየጭቃው የገባው አፈር እዚያ ውስጥ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፣ ብረቱንም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። በማዳበሪያው ላይ ተኝተው መዶሻውን ይዘው ሻንሲውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያሉ ያንኳኩ። ደህናው ብረት ይጮኻል። የተበላው "ጧ" ብሎ ይሞታል፣ ዐይንዎ ላይም ብናኝ ያራግፋል። በተለይ ባሌስትራው የሚታሰርባቸውን ቦታዎች፣ ከኋላ በኩል ጋድም የሚያልፈውን ብረት እና ወደ ጎን የወጡትን ክንዶች አይዝለሉ። ከዚያ የፊተኛውን ግድግዳ፣ ማለትም ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየውን፣ ይዩ። እሱም ብረት ነው፤ የእግር ማሳረፊያው ላይ ይበሳል። ብረትና አሉሚኒየም በሚነካኩበት ሁሉ ነጭ ዱቄት ካዩ አሉሚኒየሙም እየተበላ ነው።

ላንድክሩዘር ከሆነች፣ ያቺ ክብ መብራት ያላት ባለ 40ዋ፣ ሻንሲዋ ጠንካራ ነው፤ አካሏ ግን ከራስ እስከ እግር ብረት ስለሆነ የተደበቀ የለም፣ የዛገው ይታያል። ሞተሯ ባለ 6 ሲሊንደር ቤንዚን ከሆነ ነዳጅ ላይ ወጪዋን አስቀድመው ይቀበሉ። ስለ እሷ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ደህና ሆና የተገኘች እንደሆነ ከእርስዎ በፊት የሚገዛት ይኖራል።

የት ነበር የቆመችው?

ሁለት ቮልሶች በአንድ ዓመት፣ አንዷ አርባ ምንጭ አንዷ ዶርዜ ቢቆሙ፣ ከ15 ዓመት በኋላ ሁለት የተለያዩ በሽተኞች ናቸው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት አገር ናት። እዚያ ፀሐይ ጎማውን፣ የመስታወት ላስቲኩን፣ የሽቦ ልባሱን፣ ወንበሩን ታደርቃለች፣ ትሰነጥቃለች፤ ላሜራው ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ዶርዜ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጉም የማይለያት ናት፤ እዚያ ላስቲኩ ደህና ሆኖ ላሜራው ያልቃል። ላስቲክ ይገዛል። ስለዚህ ዋጋቸው እኩል ከሆነ የአርባ ምንጯን ይምረጡ።

ምን ላይ እንደቆመችም ይዩ። ሣር ላይ የቆመች መኪና ሆዷ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ሸራ ያለበሷት ደግሞ ብዙ ጊዜ ካላለበሷት ትብሳለች፤ ሸራው እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። በድንጋይ ንጣፍ ላይ፣ ከታዛ ሥር፣ መስኮቷ ጥቂት ተከፍቶ የቆመችውን ያገኙ እንደሆነ ባለቤቱ ነገር የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ የሚሉዎትንም በጥሞና ይስሙ።

አንድ የአገራችን ዕድል አለ። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው አይነሰነስብንም። አውሮፓ በ10 ዓመት የሚጨርሰውን ላሜራ ኢትዮጵያ 40 ዓመት ታቆየዋለች። መኪናዋ ዕድሜዋን በባሕሩ ዳር፣ በምጽዋ ወይም በአሰብ ያሳለፈች ከሆነች ግን ይህ ዕድል አልደረሳትም።

ሞተሩ፣ አሁን

ባለቤቱ ከጎረቤት ባትሪ አምጥተው "አንድ ጊዜ እናስነሣት" ቢሉ እጃቸውን ይያዙ። ለዓመታት የቆመ ሞተር ሲሊንደሩ ደርቆ፣ ፋሻው ነክሶ ሊሆን ይችላል፤ በጉልበት ሲዞር ፋሻው ይሰበራል። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ይፍቱ። በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ያንጠባጥቡና ቢያንስ አንድ ሌሊት ይተዉት። ማግሥቱን በእጅ ያዙሩት፤ ቮልስን ታች ባለው ትልቁ ፑሌጃ ላይ ቁልፍ አስገብተው፣ ላንድሮቨርን ከፊት በሚገባው የእጅ ማዞሪያ ብረት። ከዞረ፣ እሰየው። ካልዞረ ዘይት ጨምረው ሦስት አራት ቀን ይተዉት። አሁንም እምቢ ካለ ሞተሩ ይወርዳል ብለው ይመዝግቡት እንጂ አይጣሉት።

ቮልስ ላይ አንድ ነገር በእጅዎ ይሞክሩ። ያንኑ የታች ፑሌጃ ይዘው ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ይግፉ። ፋብሪካው የሚፈቅደው እንቅስቃሴ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይርቅም፤ በዓይን አይታይም። እርስዎ "ቀጭ ቀጭ" ሲል ከሰሙና ሲመጣ ሲሄድ ካዩት የሞተሩ ሆድ አልቋል። ይህን ፈተና ቆማም ሞታም ብትሆን ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ባትሪ አይጠይቅም።

ሞተሩ በውሃ ሳይሆን በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር ፍለጋ አይድከሙ። ይልቅ አይጥ ይፈልጉ። አይጦች በቆመች ቮልስ ማራገቢያ ሽፋን ውስጥ ጎጆ መሥራት ይወዳሉ። ያ ሣርና ጨርቅ ሳይወጣ ሞተሩ ከተነሣ፣ የዶርዜን ዳገት ግማሽ ሳትወጣ ትቃጠላለች። የቤንዚን ጎማዎቹንም ሳይቀይሩ አያስነሡ፤ የደረቀ ጎማ ሞተሩ ላይ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ ቮልስ በእሳት እንደምታልቅ መካኒክ ሁሉ ያውቃል።

ላንድሮቨር ላይ የዘይት መለኪያውን ይምዘዙ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ጓርኒሲዮን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ የተሰነጠቀ ቴስታታም ሊሆን ይችላል። ሳይፈቱ አያውቁትም፤ ስለዚህ ዋጋ ሲነጋገሩ የከፋውን ይዘው ይነጋገሩ።

ፍሬኑ ሁልጊዜ ሞቷል፤ ይህን እንደ ተአምር አይቁጠሩት። የነከሱ ሲሊንደሮች፣ የደረቁ ጎማዎች ሁሉም ይቀየራሉ። ቀደምት ቮልሶች የፍሬን ዘይት መስመራቸው አንድ ብቻ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ፤ አንዱ ጎማ ጋ ቢያፈስ አራቱም ፍሬን ያጣሉ። ከዶርዜ እስከ አርባ ምንጭ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የጎደለውን ይቁጠሩ

ጀማሪ የሚፈራው ትልልቁን ዕቃ ነው፤ የሚያስለቅሰው ግን ትንንሹ ነው። ቮልስ በሜክሲኮ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ስትሠራ ቆይታ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሆና ነው የተቋረጠችው። ስለዚህ ፒስተኗ፣ ፍሪሲዮኗ፣ የካምቢዮ ዕቃዋ ይገኛል፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ባይኖር ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የፓራብሬዛ መስታወት ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የመብራት ቀለበት፣ የበር እጀታ፣ የኮፈን ምልክት፣ የሰዓቱ ክብ፣ የመጀመሪያው መሪ፤ እነዚህን ዓመት ሙሉ ፈልገው ሊያጡ ይችላሉ። ወረቀት ይዘው የጎደለውን አንድ በአንድ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ የተፈቱት ዕቃዎች እዚያው ግቢ ጎተራ ውስጥ በማዳበሪያ ታስረው ይገኛሉ፤ ሳይጠይቁ አይሂዱ።

የቀድሞው የታክሲ ሴይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ ላይ ይህ ዝርዝር ከሁሉም ይበልጣል። ጣሊያን ውስጥ መመረቷ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያበቃ ስለሆነ ሙሉ ሆና ካልተገኘች ለሚያውቃት ሰው ይተዉአት። አንድ ነገር ግን ትታወስ፤ እኛ ጋራዥ ውስጥ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ የምንለው ጣሊያንኛ ነው።

ዋጋዋን የሚገለብጡ ጥቂት ምልክቶችም አሉ። የኋላ መስታወቷ መሃል ላይ ለሁለት የተከፈለ ቮልስ ከ1953 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በፊት የተሠራች ናት፤ አንድ ወጥ ሆኖ እንደ እንቁላል የሞላለለ ከሆነ እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ያለች ናት። ላንድሮቨር ላይ መብራቶቹ ፓራፋንጎው ላይ ሳይሆኑ መሃል ላይ ተጠጋግተው ካሉ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በፊት ናት። የመጀመሪያዎቹን ዓይነት ቮልሶች ያገኙ እንደሆነ እስካሁን ስለ ወለል ያልኩትን ይርሱት፤ ወለል የሌላትም ትሠራለች። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይነጋገሩ።

ሒሳቡ

አሁን ከመኪናዋ ራቅ ብለው ይቀመጡ። አጠገቧ ሆኖ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ሒሳብ አይሠራም። ገጹን ለሁለት ይክፈሉ። በአንድ በኩል የመግዣ ዋጋ፣ የስም ማዛወሪያ፣ የማጓጓዣ፣ የላሜራ፣ የቀለም፣ የሞተር፣ የፍሬን፣ የጎማ፣ የሽቦ፣ የወንበር ወጪ ይጻፉ። ሰዎች የሚረሱት ሽቦውንና ወንበሩን ነው። ቀደምት ቮልስ ከሆነች ባለ 6 ቮልት ልትሆን ትችላለች፤ ወደ 12 ከቀየሯት አምፖሉ፣ ማስነሻው፣ ቻርጁ አብሮ ይከተላል። ድምሩ ላይ ግማሹን ይጨምሩ። ቀልድ አይደለም፤ ላሜራ ሲቆረጥ ከጀርባው ሌላ የሚቆረጥ ይገኛል።

በሌላው በኩል ተሠርታ ያለቀች፣ ቦሎዋ የታደሰ፣ ተመሳሳይ መኪና ዛሬ አዲስ አበባ ስንት እንደምትሸጥ ይጻፉ። ሁለቱን ያስተያዩ። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ደክሞ የጨረሳትን መግዛት ይረክሳል። የሌላውን ሰው ቁጭት መግዛት ነው የምለው፤ እኔ ሁለቴ አድርጌዋለሁ፣ አልተጸጸትኩም።

እና ማን ያሠራት ታዲያ? ወረቀቷ ንጹሕ፣ አጥንቷ ጤነኛ፣ ዕቃዋ ሙሉ ሆኖ ሞተሯ ብቻ የሞተች ካገኙ ይሠሯት፤ እንዲያውም ሞተሯ መሞቱ ዋጋዋን ስለሚጥልልዎ ይደሰቱ። ሞተሯ እየዘፈነ ጎኗ የሚታጠፍ ከሆነ ለዕቃ ካልሆነ አይግዟት። የአባትዎ መኪና ከሆነች ደግሞ ሒሳቡን ይቅደዱት፤ ያ የገበያ ጉዳይ አይደለም። ሆኖም ያን ጊዜም ቢሆን ሁሉ ነገሯ መጠገን አለበት ማለት አይደለም። ያረጀ ቀለሟን ይዛ፣ ፍሬኗና ጎማዋ ታድሶ፣ በበዓል ቀን እስከ ገበያው ወርዳ የምትመለስ መኪና እኔን ከአዲስ ቀለም በላይ ደስ ታሰኘኛለች።

ማውረድ

ከተስማሙ፣ ገመድ አስረው እየጎተቱ እወርዳለሁ አይበሉ። ፍሬን የሌላትን መኪና በዚያ ቁልቁለት የሚጎትት ሰው ሁለት መኪና ነው የሚያጣው። ቮልስ 800 ኪሎ ገደማ ናት፤ አንድ አይሱዙ ከአፈር ጉብታ ጋር አስጠግተው፣ በሁለት ወፍራም ጣውላ፣ በአሥር ሰው ጉልበት ትወጣለች። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ስለሆነ በእነዚያ ቀናት ባዶ የሚመለስ መኪና ማግኘት ይቀላል፤ መንገዱ ግን ይጨናነቃል። ከመጫንዎ በፊት የነከሱትን ጎማዎች ያላቅቁ፣ ባትሪ ካላት ያውጡ፣ ታንኩ ውስጥ የቀረውን እንደ ቀለም የሚሸት ቤንዚን ያፍስሱ። ጎተራ ውስጥ ያለውን ማዳበሪያም እንዳይረሱ።

ካልተስማሙም ባለቤቱን በእንጥልጥል አያቆዩአቸው። "ጋሼ፣ እኔ አልችላትም" ብለው በዚያው ቀን ይንገሩ፤ ያዩትንም አይደብቋቸው። ሸራውን አንሥተው፣ ከሣሩ ላይ ገፍተው ድንጋይ ላይ እንዲያቆሟት፣ መስኮቷን አንድ ጣት ያህል እንዲከፍቱላት፣ ባትሪውን እንዲያወጡ ይምከሩ። ከእርስዎ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የተሻለ መኪና ያገኛል። ዶሮዋን ግን እስክትፈለፍል ይተዉአት።